አራት ያንሱ፣ ሌላው ይቁም

ሻምበል ሸምሱ ማለፋቸውን የነገረኝ ጀማል ነው። ወልቂጤ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ቆሜ ስልኩን አነሳሁ። ሰላም አለኝ። ከዚያ፣ «ሲስተር፣ ሻምበል ዛሬ ጎህ ሲቀድ አለፉ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔም እሄዳለሁ። ቃሬዛውን ግን አልነካም» አለ።

ለምን እንደማይነካ አውቃለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ሲነዳ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ የሻምበልን ድምፅ ለማስታወስ እሞክር ነበር። ዝቅ ያለ ድምፅ ነበራቸው። ወታደር ነበሩ ሲባል የማያውቃቸው ሰው የማያምነው ለዚህ ነው።

እኔ ሳውቃቸው ጡረታ ወጥተው ቡታጅራ ገበያው ዳር የበርበሬ ወፍጮ ከፍተው ነበር። የተወለዱት እዚያው መስቃን፣ ከእንሴኖ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ዓይናቸው ከዱቄቱ የተነሳ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ሁልጊዜም ያነባል፤ በክንዳቸው ጠረግ አድርገው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። ነገር ሲቆጥሩ በዚያው እጅ ነው የሚቆጥሩት፤ ጣቱ ሲያልቅ ያቆማሉ። «አላህ ሦስት ትቶልኛል፤ ከሦስት በላይ የሆነ ነገር የእኔ አይደለም» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም።

አንድ ጥያቄም ነበራቸው። በወፍጮው በር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ፣ «ለምን ሥራ ነው የምትሄደው?» ይሉታል። «እንሴኖ» ካላቸው፣ «የት አላልኩህም፤ ለምን ሥራ?» ይላሉ። አንድ ጎረቤታቸው የመሬት ክስ ነበረበትና ከሣጥኑ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ፍርድ ቤት ሊሄድ ሲል አስቆሙት። ዳኛው ምን ብሎ እንደሚጠይቀው እስኪናገር ድረስ አለቀቁትም። ሰውየው እየተናደደ፣ እያጉረመረመ፣ ከረጢቱን ወፍጮ ቤቱ ጥሎ ጥቂት ወረቀት በኪሱ ይዞ ሄደ። ክሱን ይርታ አይርታ አላስታውስም። ሻምበልን ግን ከዚያ ወዲያ «ዳኛው» ይላቸው ነበር።

እኔ ከወልቂጤ በጤና መኮንንነት ተመርቄ በቡታጅራ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል፤ ሲስተር አይደለሁም ብዬ ማረም ስለማፍር ሲስተር ሆኜ ቀረሁ። በዚያ ዓመት ከቆሼ ወዲያ ባለው ቆላ መንገዱ ሰላም አጥቶ ነበር። ታጣቂዎች መኪና ያስቆማሉ፣ ሰው ይወስዳሉ። ወረዳው ከየቀበሌው ወጣቶችን መርጦ በሚሊሻነት ሊያሰለጥን ተነሳ። አሰልጣኝ ሆነው ሻምበል ተመረጡ፤ የመጀመሪያ እርዳታ እንዳስተምር ደግሞ እኔ ተላክሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የጸጥታ ኃላፊው የሥልጠናውን መርሐ ግብር አነበበልን። ሰልፍ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ ደፈጣ፣ ኮረብታ ማጥቃት፣ ከተማ ውስጥ መዋጋት፤ ብቻ ያልተጻፈ ነገር አልነበረም። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ሻምበል አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ «ልጆቹ ለምን ሥራ ነው የሚሄዱት?» አሉ።

ኃላፊው ጥያቄው ግራ ገባው። «አካባቢያቸውን ሊጠብቁ ነዋ፣ ሻምበል።»

«አካባቢ ሰፊ ነው» አሉ።

ነገሩ ብዙ ከተንከባለለ በኋላ፣ ልጆቹ ከቆሼ ወዲያ አንድ ድልድይና ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መንገድ እንደሚጠብቁ ለሻምበል ተነገራቸው። በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደዚያ ወረዱ። ድልድዩ አጠገብ ካለ ግራር ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ገላጣ መሬት ሲያዩ ዋሉ። ሲመለሱ መርሐ ግብሩን አልተቹም። የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፉ ብቻ ነገሩን። መኪናና ሰው ሲፈትሹ ሳይገድሉም ሳይሞቱም መፈተሽ። ሲተኮስባቸው እያንዳንዱ የተሰጠውን አቅጣጫ ይዞ መቆየት። ሰው ሲቆስል ደሙን አቁሞ ማንሳት።

«ሌላው መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም» አሉ። «እዚያ ድልድይ ላይ የሚገድላቸው ግን እነዚህን አለማወቅ ነው። ሁሉንም ካስተማርኳቸው ሁሉንም እኩል ይረሱታል።»

ኃላፊው በመጨረሻ እሺ አለ፤ ለምረቃው ሰልፍ የሚሆን ቀን እንዲተዉለት ብቻ ተማጸነ።

ይህን ነገር ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን ወፍጮ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ሳለ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ የነበሩበት ጦር አንድ ክረምት ሙሉ ኮረብታ ማጥቃት ሲማር ከረመ። ጎበዞች ነበርን፣ ወላሂ፣ አሉኝ። ከዚያ ተወስደው የተሰጣቸው ግዳጅ ኮረብታ ማጥቃት ሳይሆን የተያዘውን ይዞ መቆየት ነበር፤ ኋላም ቁስለኛ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ሆነ። እሱን ደግሞ ማንም አላስተማራቸውም። «ስንወጣ የሞተብን ጥቂት ነው» አሉ። «ያለቅነው ስንወርድ ነው።» ይህን ሲሉ ጣት የሌለበትን እጃቸውን በሌላው እጅ ሸፍነውት ነበር።

ለእኔም ጥያቄያቸው አልቀረልኝም። ብዙ ገጽ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር። አዩት፣ አመሰገኑኝ፣ ከዚያ፣ «ልጁ የጓደኛው ደም እጁ ላይ እየፈሰሰ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ፣ የትኛውን እንዲያስታውስ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። አስቤበት፣ ከእጅና ከእግር የሚፈስ ደምን አስሮ ማቆም ነው አልኳቸው። እሳቸው ለቁስል የቡና ዱቄት ጥሩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አይሆንም አልኩ፤ ምክንያቱን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። በማግስቱ ሠልጣኞቹ ፊት፣ «እስከ ትናንት በቡና ዱቄት አምን ነበር፤ ሲስተር አስትታኛለች፤ እናንተም ተዉት» አሉ።

ስናገር ድምፄ ሩቅ አይሄድም። ከኋላ፣ አይሰማም፣ የሚል መጣ። ሻምበል ጮክ በይ አላሉኝም። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «እሷ አትጮህም፤ እናንተ ቅረቡ» አሏቸው። ሁሉም ተነስተው መጥተው እግሬ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እነሱን አልፈራሁም። ከሽርጣቸው ጫፍ ጨርቅ እየቀደዱ፣ በእንጨት እያጠበቁ፣ አንዱ የሌላውን ጭን ማሰር ለመዱ።

ከልጆቹ መካከል ሁለቱን መለየት አለብኝ። ነስሩ የሐጂ ሙዘሚል ልጅ ነበር፤ ሐጂ በሻምበል የትውልድ መንደር ነገር ሲበላሽ የሚጠሩ፣ የሻምበልም አብሮ አደግ ናቸው። ነስሩ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ቀልደኛ ነው። ጀማል ደግሞ የነስሩ ጎረቤትና ጓደኛ። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት ማለት ይቻላል። ጀማል ዝምተኛ ነው፤ ነስሩ ስለ ሁለቱም ያወራል።

ልምምዱ ጀፎሮው ላይ ነበር፤ በመንደሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ። መሣሪያ ስላልመጣ ዱላ ነው የሚይዙት። ቁስለኛ የማንሳት ልምምድ የጀመረ ዕለት ሻምበል ነስሩን መሐል ሜዳ ላይ አስተኙትና ሌሎቹን በየአቅጣጫው አሰማርተው፣ «ነስሩ ተመታ!» አሉ።

ሁሉም ዱላውን ጥሎ ሮጠ። አንድም የቀረ የለም። ነስሩ፣ «ቀስ በሉ፣ ሱሪዬን እንዳትቀዱት» እያለ ከሥራቸው ይጮሃል። በጀፎሮው አህያ እየነዳ ያልፍ የነበረ አንድ ገበሬ ሳይቀር አህያውን ትቶ መጥቶ የቃሬዛውን አንድ አጣና ያዘ። ሻምበል ተሸክመውት እስኪነሱ ጠበቁ።

«ድልድዩን ማን እየጠበቀ ነው?» አሉ።

ዱላው ሁሉ ሜዳው ላይ ተበታትኖ ነበር።

«ሁላችሁም ሞታችኋል። አንተም» አሉት ገበሬውን።

«እኔ ደሞ ምን አደረግኩ?» አለ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ጀማል ነው የተናገረው። «ሻምበል፣ ቃሬዛ አይታለፍም» አለ።

«አውቃለሁ» አሉት። «እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት።»

እውነቱን ነው፤ አይታለፍም። በእኛ አገር ሁለት አጣና በገመድ ታስሮ፣ ታማሚ ወይም አስከሬን ተጭኖበት በመንገድ ሲመጣ፣ ያየ ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። ከታማሚው ጋር የተጣላ እንኳ ጥቂት ተሸክሞ ነው ወደ ጠቡ የሚመለሰው። አይቶ ያለፈ ሰው ካለ ስሙ ይወጣል። ልጆቹ ይህን ያወቁት አፍ ከመፍታታቸው በፊት ነው። ሻምበል ደግሞ አራቱ ብቻ እንዲያነሱ፣ ሌሎቹ ለወደቀው ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው አቅጣጫቸውን እንዲጠብቁ ሊያስተምሯቸው ነው። ከሦስቱ ትምህርት ከባዱ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም የሚጨመር ነገር አልነበረም፤ ከውስጣቸው የሚወጣ ነገር ነው።

ያለ ሽማግሌ ፈቃድ የሚሆን እንዳልሆነ ስለገባቸው ሻምበል በዚያው ቀን ወደ ሐጂ ሙዘሚል ቤት ሄዱ። ወደ ከተማ አብረን ስለምንመለስ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ሐጂ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የኔ ልጅ ወድቆ፣ ጎረቤቱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ፊቱን ሲያዞር ነው የሚጠብቀው፣ ሐጂ። ሁሉም ከሮጠ የመታው ሰው ሁሉንም አንድ ቦታ ያገኛቸዋል።»

«ሸምሱ፣ ይህን ከየት ተማርከው?»

«ካለቁት።»

ሐጂ እሺም እምቢም አላሉም። መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆዩና፣ «ልጆቹን አደራ ሰጥቼሃለሁ» አሉ። ሻምበል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ። ስንወጣ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ በአካባቢው በርበሬ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ «አራት ያንሱ፣ ሌላው ይቁም!» አንዳንድ ቀን ይሳካል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዱ ይንሸራተትና ሌላው ይከተለዋል፤ ሁሉም ቃሬዛው ላይ ይገኛል። ሻምበል አይቆጡም ነበር፤ እንደገና ያስጀምራሉ። ቀድሞ የቻለው ጀማል ነው። ነስሩ ወድቆ ሲያቃስት፣ «ጀማል፣ ወንድሜ፣ ልሞት ነው» እያለ ሆን ብሎ ሲፈታተነው፣ ጀማል ጀርባውን ሰጥቶ ማዶውን እያየ ይቆማል። ከጎኑ ሳየው አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻምበል አንድ ቀን ትከሻውን ያዝ አድርገው ብቻ አለፉ። ለማንም እንዲያ ሲያደርጉ አላየሁም።

የምረቃው ቀን ሲቃረብ እንደገና ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ ሠልጣኞቹ ብቁ ናቸው ብለን ለበላይ እናሳውቃለን አለ። ሻምበል ሁለት ጣት አጠፉ። «እነዚህን ችለዋል» አሉ። ሦስተኛውን ጣት ቀና አድርገው አሳዩት። «ይህን አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ።»

እንግዶች ተጠርተዋል፣ ድንኳኑም ተወስኗል፣ አለ ኃላፊው። ደግሞ በሥራ ላይ እያሉ ያሟሉታል።

«በሥራ ላይ የሚሟላ አይደለም። እዚያ አንዴ ነው የሚሆነው።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። መንገዱ ይከፈት እያለ የሚጨቀጭቀው ብዙ ነው። ሻምበልን እንደ አባት አቅፎ፣ ሽማግሌ ሁልጊዜ ይሰጋል አለና ስብሰባውን ዘጋ። የቀሩት ቀናት ለሰልፍ ልምምድ ዋሉ። በምረቃው ቀን ልጆቹ እግራቸውን እኩል እያነሱ በእንግዶቹ ፊት ሲያልፉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሻምበል ከድንኳኑ ኋላ ቆመው ነበር። ስማቸው ተጠርቶ ሽልማት ሲሰጥ አልወጡም።

ልጆቹን የጫነው አይሱዙ በወፍጮው በር ሲያልፍ ነስሩ ከላይ፣ «ሻምበል፣ ለምን ሥራ እንደምንሄድ እናውቃለን!» ብሎ ጮኸ። ሻምበል እጃቸውን አነሱ። መኪናው ከታጠፈም በኋላ አላወረዱትም።

ከዚያ የሆነውን ያወቅሁት ከቁስለኞቹ ነው። አንድ ማለዳ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተከፈተ። ነስሩ ገላጣው ላይ ወደቀ። የተመደቡት አራቱ ወጡ። ከአራቱ ሁለቱ ተመቱ። ያኔ ሌሎቹን ያደጉበት ነገር ያዛቸው፤ መሣሪያቸውን እየጣሉ ሮጡ። ከሮጡት ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ጀማል ለነስሩ ከሁሉም ይቀርብ ነበር። ከአራቱ አልነበረምና አልሄደም። የተሰጠውን አቅጣጫ ይዞ እየተኮሰ ቆየ። እሱ ባይቆይ አንድም እንደማይመለስ የተረፉት ሁሉ ይናገራሉ። ነስሩ ግን ሲጣራ ነበር፤ እንደ ልምምዱ ጊዜ፣ በስሙ። ኋላ ድምፁ ቆመ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በሽርጥ ጨርቅ ጭናቸው የታሰረ ሁለት ልጆች ተቀበልኩ፤ ዛሬ በሕይወት አሉ። ጀማል አንድ ቦታ እንኳ አልቆሰለም። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ባለፍኩ ቁጥር፣ «ሲስተር፣ አልሄድኩም» ይለኝ ነበር። ሌላ ቃል አልነበረውም።

የለቅሶው ድንኳን ሐጂ ሙዘሚል ግቢ ተጣለ። ሮጠው የሞቱት ሁለቱ ለወንድማቸው የሞቱ ተባሉ፤ በየአፉ ተመሰገኑ። ስለ ጀማል በግልጽ የተናገረ የለም። ጀማል ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሐጂ ፊት ቆመና፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ስላደግኩ፣ ሰላምታን መመለስ ግዴታ እንደሆነ፣ ለባላጋራም እንደማይነፈግ አውቃለሁ። ሐጂ ቀና ብለው አዩት፤ አልመለሱም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሰማ። ጀማል ቆሞ ቆይቶ ወጣ። የሚቀመጥበት ቦታ የለቀቀለት አልነበረም።

ሻምበል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ ፊት በርከክ ብለው ተቀመጡ።

«አደራ ሰጥቼህ ነበር» አሉ ሐጂ።

«በልቼዋለሁ» አሉ ሻምበል። አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዟቸው፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ጀማልን እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትን ነው ያደረገው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ በእኔ ላይ ያለህን ያዘው፣ እስክሞት ያዘው። ልጁን ግን ልቀቀው።»

ሐጂ መልስ አልሰጡም። ሻምበል ተነስተው ሄዱ።

እኔ ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ሻምበል፣ ልጆቹ ሦስተኛውን አልቻሉም ብለው እንደተከራከሩ ሰምቻለሁ። በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ሄጄ ይህን ለሐጂ ልንገራቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን ለማለት ራሱ ቀናት ፈጅቶብኝ ነበር። ወፍጮውን አጠፉና ጸጥ ሲል፣ «ሐጂ ይህን ቢሰማ ልጁ ይመለስለታል?» አሉኝ።

«እርስዎን መጥላት ይተዉ ነበር።»

«አልቻሉም ብያለሁ፤ እውነት ነው። ከዚያ አይሱዙው ሲሄድ እጄን አውለብልቤ ሸኘኋቸው። መኪናው ፊት ተጋድሜ አላስቆምኩትም።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሱ በቂም የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል፣ ሲስተር። ቢሮ አይያዝም። እኔን ከለቀቀ የሚይዘው ጀማልን ነው።»

ለሐጂ አልተናገርኩም።

ጀማል መንደሩን ትቶ ቡታጅራ መናኸሪያ ጭነት እየጫነና እያወረደ መኖር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ታማሚ የጫነ ቃሬዛ ከገጠር ሲመጣ ካየ ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «እኔ ስይዘው ሰው ይለቃል ብዬ እፈራለሁ» አለኝ። ሻምበል ማታ ማታ ወፍጮውን ሲዘጉ እየጠሩት ራት ያበሉት ነበር። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ባለፍኩ ቁጥር የማያቸው ዝም ብለው ሲበሉ ነው። ሐጂ ሙዘሚል ደግሞ ለበርበሬያቸው ሌላ ወፍጮ ፈለጉ፤ ገበያ ሲመጡም በሻምበል በር በኩል ማለፍ ተዉ። እኔ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። የሻምበል ሳል እየባሰ እንደሄደ የሚነግረኝ ጀማል ነበር፤ በርበሬው ነው ይሉታል እያለ።

መንደራቸው ስደርስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። ሴቶቹ ጀፎሮው ዳር ቆመናል፤ እኛ ከዚያ አልፈን ወደ መቃብር አንሄድም። ቃሬዛው ከግቢው ሲወጣ እንደ ሁልጊዜው ሆነ፤ ወንዶቹ ሁሉ ተሯሯጡ፣ ትከሻ በትከሻ ላይ ተደራረበ፣ ሁለት እርምጃ ተሸክሞ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ጭናቸውን አስረው የተረፉት ሁለቱ ልጆችም አሉ፤ አንደኛው እያነከሰ። ጀማል ከአጥሩ ሥር፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ለብቻው ቆሞ ነበር።

ሐጂ ሙዘሚል ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ያለ አይመስለኝም። ከታችኛው በኩል በዝግታ መጡ። ሰው ገለል አለላቸው። የፊተኛውን አጣና ይዘው ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ቆሙ፤ ቃሬዛውም አብሯቸው ቆመ። ዞረው ወደ አጥሩ አዩ። 

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሐጂ።

ጀማል በዚያ ቀን ለማንም ሰላምታ አላቀረበም ነበር። ያቀረበው ያኔ፣ በነስሩ ለቅሶ ነው። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ሐጂ አንድ እጃቸውን ከአጣናው ሳያነሱ፣ በሌላው ጠሩት። እያመነታ መጣ። ትከሻቸውን ከአጣናው ሥር አውጥተው የእሱን አስገቡ፤ ልክ መግባቱን በእጃቸው ዳብሰው አረጋገጡ። ማንም አልለቀቀም። ቃሬዛው ሄደ፤ ጀማልን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ከፊት ነበር፤ ማንም አልተካውም፣ እሱም ቦታውን አልሰጠም።

ሰው ሁሉ ወደ መቃብሩ ሲጎርፍ ሐጂ ሙዘሚል ብቻቸውን ወደ ኋላ ተመለሱ። በሴቶቹ አጠገብ ሲያልፉ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሲስተር፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

ከኋላቸው የዱዓው ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር። ወደዚያ አልዞሩም።

«ሸምሱ የጠየቀኝን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ለራሱ ምንም አልጠየቀኝም።»

ከዚያ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ጀፎሮውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።